የአንደኛዋ ካባ

ልጅቷ ሞታ የተገኘችው፣ በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ እንድትለብሰው ያልተፈቀደላትን ካባ ለብሳ ነበር።

በጓሮ በኩል ካለው ደረጃ ግርጌ በግንባሯ ተደፍታለች። ጥቁሩ የጠበቃ ካባ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ወርዷል። ነጩ የአንገት ጨርቅም አልቀረም፤ ከማጅራቷ ላይ በክር ታስሯል። መርማሪዋ ተንበርክካ ክሩን ልትፈታው ሞከረች፤ እምቢ አላት። ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ተደራርቦ ከልጅቷ ፀጉር ጥቂቱን ጠርንፎ ይዟል። በመጨረሻ በመቀስ አስቆረጠችው።

«ይህን ያሰረ ሰው ጆንያ መሰለችው እንዴ?» አለች።

ላይ ቤት ያለው የጠበቃ ቢሮ ነው። ጠበቃው ስም መያዝ ስለሚያደክመው ሁለቱን ተለማማጆች በአመጣጣቸው ቅደም ተከተል ይጠራቸዋል፤ ሟቿን «አንደኛዋ»፣ ተከትሏት የመጣውን ወጣት «ሁለተኛው»። ሁለቱም ሕግ ትምህርት ቤት ለመግባት የሚቋምጡ ናቸው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ጠበቃ ወይም ዳኛ ዘንድ ሳይለማመድ የመጣን አመልካች ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ የጠበቃ በር ሁሉ አንኳኩተው፣ «ስልክሽን ትተሽ ሂጂ»፣ «የማን ዘመድ ነህ?» ሲባሉ ከርመው እዚህ ደረሱ። ጠበቃው «ደመወዝ የለም፤ ልምድ ግን አለ» ብሎ ተቀበላቸው። ልምዱ ካባ ማጠፍ፣ ፋይል መሸከምና ብርጭቆ ማጠብ ነበር።

«የፈለጉት እኔን ነው!» አለ ጠበቃው ደረቱን ደግፎ። «ቁመቷ እንደ እኔ ነው። ካባዬን ለብሳ ከኋላ ያያት ሰው እኔ ነኝ ብሎ ነው የገፋት። ደንበኛዬ የነበረው ባለጋራዥ ጠዋት ‹እገልሃለሁ› ሲለኝ ሕንፃው በሙሉ ሰምቷል።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«ምሳዬን በልቼ፣ ክፍሌን ከውስጥ ቆልፌ ተኝቼ ነበር። ማንንም ጠይቂ፤ በምሳ ሰዓት እተኛለሁ።» ሰዓቱን ሰረቅ አድርጎ አየ። «ይቅርታ፣ ከሰዓት ችሎት አለብኝ። ልጅቷን ነፍስ ይማር።»

«ስሟ ማን ነበር?»

ጠበቃው አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው። «እቴቴ ታውቀዋለች።»

እቴቴ የጠበቃው ታላቅ እህት፣ የቢሮውም ጸሐፊ ናት። ዓይኗ በለቅሶ አብጧል፤ እጇ ግን ሥራ አልፈታም፤ ወረቀት ታስተካክላለች።

«ካባው ኮሪደር ላይ ነው የሚሰቀለው» አለች። «ነጩ ጨርቅ ግን እሱ ክፍል፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ድሮ ኮሪደር ላይ ትቼው ሁለተኛው ልጅ መስኮት ወለወለበት።»

«የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ አለ?»

«እሱ ዘንድና እኔ ዘንድ። ምን ልትዪ ፈልገሽ ነው?»

«ገና ምንም አላልኩም። ጨርቁን የሚያስርላቸው ማን ነው?»

«ልጆቹ ናቸው። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፤ አንዱን ጫፍ ሳብ ሲያደርጉት እንዲፈታ።» በመርማሪዋ እጅ አንጓ ላይ ክር አስራ አሳየቻት። መርማሪዋ ጫፉን ሳበችው፤ ክሩ ያለ ምንም ድምፅ ወደቀ።

ባለጋራዡ በእንግዳ ማረፊያው አግዳሚ ላይ ከፖሊስ ጎን ተቀምጦ ይቆጣል። ከዚያ አግዳሚ አልፎ ወደ ውስጥ ገብቶ እንደማያውቅ እቴቴም መስክራለታለች።

«ጠበቃውን እገላለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ! ነገም እላለሁ! ያቺ ልጅ ታማ በቀረችበት ቀን ሰውዬው ችሎት ፊት ቆሞ አንዲት ቃል ጠፋው። ሲያስነጥስ ዋለ፣ እህቴ! ጉንፋን ሳይኖረው! ጋራዤን በማስነጠስ አስበላኝ።»

«ልጅቷንስ?»

ባለጋራዡ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እሷንማ እጄ ይቆረጥ። በዚህ ቤት ጠበቃ የምትባል እሷ ብቻ ነበረች።»

ሁለተኛውን ፖሊሶቹ ሊወስዱት ካቴና አዘጋጅተው እየጠበቁ ነበር። ምክንያታቸው መጥፎ አይደለም፤ ጠበቃው ለትምህርት ቤቱ ምስክርነት የምሰጠው ለአንድ ሰው ብቻ ነው ብሎ ሁለቱን እንደ ዶሮ ሲያዋጋቸው ከርሟል። በግድያ ተጠርጥሮ የታሰረ ልጅ ደግሞ ሕግ ትምህርት ቤትን በሕልሙም አያየውም።

«እኔ አይደለሁም» አለ ሁለተኛው። «ለምን እገድላታለሁ? ልትሄድልኝ ነበር እኮ!»

«ወዴት?»

«ዳኛዋ ዘንድ። አንደኛዋ ሁልጊዜ ከችሎቱ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጣለች። ጌታዬ ሲከራከሩ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ከእሳቸው ቀድማ። ዳኛዋ አየቻት። ትናንት ጠርታ ‹የምትጽፊው አንቺ ነሽ አይደል? ነይ እኔ ዘንድ ተለማመጂ› አለቻት። ዛሬ ጠዋት ነገረችኝ።»

«አንተስ ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።» ጫማውን ማየት ጀመረ።

መርማሪዋ ወደ ጎረቤት የጠበቃ ቢሮ ሄዳ ካባና ነጭ ጨርቅ ተውሳ መጣች። ከዚያም ሁሉንም ጠበቃው ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ችሎትዎ እንዳያመልጥዎ» አለችው ጠበቃውን። «ይልበሱ።»

ጠበቃው ደስ አለው። ካባውን አጠለቀ፤ ጨርቁን ደረቱ ላይ ያዘ። ከዚያ ከልማድ የተነሳ ጀርባውን ለሁለተኛው ሰጠና አንገቱን ደፋ። ሁለተኛውም ከልማድ የተነሳ እጁን ዘረጋ።

«አንተ ተቀመጥ» አለች መርማሪዋ። «ክሩን እሳቸው ይሰሩት። በራስ አንገት ላይ ያስቸግራል፤ እስቲ እቴቴ አንገት ላይ።»

«ምን ዓይነት ቀልድ ነው?»

«አጭር ቀልድ ነው። ይሰሩት።»

ጠበቃው ከእህቱ ኋላ ቆመ። ጣቶቹ ክሩን እንደ ትል ፈሩት። አንዴ ቋጠረ፤ ላላበት። በላዩ ሌላ ቋጠረ፤ በዚያም ላይ ሌላ።

«ውይ፣ ፀጉሬን!» አለች እቴቴ።

መርማሪዋ ሄዳ ቋጠሮውን በጣቷ ነካችው።

«ልጅቷ ማጅራት ላይ ያገኘሁት ይሄንኑ ነው። እሷ ራሷ ብታስረው ጫፉ ሲሳብ ይፈታ ነበር። እርስዎን መስላው በስህተት የገፋት ሰው ቢኖርም ቋጠሮው የራሷ ይሆን ነበር። ስለዚህ ካባውን የለበሰችው ከሞተች በኋላ ነው፤ ያለበሳትም ባለጋራዡ እንዲጠረጠር የፈለገ ሰው ነው። ጨርቁ ደግሞ ከተቆለፈ ክፍል ነው የወጣው። ባለጋራዡ አግዳሚውን አላለፈም። ሁለተኛው ቁልፍ የለውም፤ ማሰር ግን ይችልበታል። ቁልፍ ያላቸው እህትና ወንድም ናቸው። እህት ማሰሩን ለሌላ አስተምራለች። ወንድም ግን ከዚያ ክር ጋር የተዋወቀው በማጅራቱ ብቻ ነው።»

«እኔ አውቄ አበላሽቼ አስሬው ቢሆንስ?» አለች እቴቴ ድንገት፤ ክሩ ገና ፀጉሯን እንደያዘ።

«እንዲህ ያለ ቋጠሮ የሚያሳብቀው በወንድምዎ ላይ ነው። እርስዎ ያንን ያደርጋሉ?»

ወንድሟ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«ለምን እገድላታለሁ?» አለ። «ተለማማጅ እኮ ናት! ብትሄድ ሌላ ትመጣለች።»

«በባለጋራዡ ችሎት ሲያስነጥሱ በዋሉበት ዕለት ሌላ አልመጣችም። ልትሄድ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

ሁለተኛው እንባው መጣ። «እኔ ነኝ። ምሳቸውን ሳቀርብላቸው ነገርኳቸው። ከሄደች ምስክርነቱ ለእኔ ነው ብዬ… ቶሎ እንዲያሰናብቷት ነበር።»

«ደረጃው ላይ አገኘኋት» አለ ጠበቃው። ድምፁ አሁን የችሎቱ ድምፅ አልነበረም፤ የሚጽፍለት አልነበረውማ። «ብርጭቆ ልታጥብ ስትወርድ። የዛሬውን ብቻ ጽፈሽልኝ ሂጂ አልኳት። ለመንኳት! ሳቀችብኝ። ‹ይለማመዱት፤ ደመወዝ የለውም፤ ልምድ ግን አለው› አለችኝ።»

«ሰምተዋታል ማለት ነው» አለች መርማሪዋ። «ለመጀመሪያ ጊዜ።»

ለሁለተኛው የተዘጋጀው ካቴና የጠበቃው እጅ ላይ ገባ። ያም ቢሆን በሌላ ሰው እጅ ነው የታሰረለት። ጠበቃው ሲያልፍ ባለጋራዡ አስነጠሰበት። እቴቴ ክሩን ከፀጉሯ ለማላቀቅ እየታገለች ተከተለቻቸው፤ አልተፈታላትም።

ሁለተኛው ብቻውን ቀረ። ፊቱን በክንዱ ጠረገ፤ ጉሮሮውን አጸዳ።

«ኢንስፔክተር… አንድ ነገር ልጠይቅዎት?»

«ጠይቅ።»

«ዳኛዋ ዘንድ ያለው ቦታ… አሁን ክፍት ነው ማለት ነው?»

መርማሪዋ ጠበቃው ሲወሰድ ወንበር ላይ የጣለውን የተውሶ ካባ አንስታ ክንዱ ላይ አደረገችለት።

«እጠፈውና ለጎረቤት መልስ።»

ልትወጣ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች። ሁለተኛው ካባውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ፣ አቧራ እንዳይነካው ውስጡን ወደ ውጭ ገልብጦ፣ እጅጌውን በእጅጌው ላይ እያስተኛ፣ ተጠንቅቆ ያጥፍ ነበር።