ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው መስመር

ብስክሌቱን በአንሶላ ጠቅልሎ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎት ነው የመጣው። በሩ ላይ ጫማውን ሁለት ጊዜ ጠራረገና፣ «ግራም የሚሏት ባለሙያ እዚህ ናት?» ብሎ ጠየቀ።

ባለሙያዋ ጠረጴዛው ሥር ተንበርክካ የወደቀ ብሎን እየፈለገች ነበር። ሳቋ መጣ። ሰፈርተኛው ይህን ቅጽል ስም ከጀርባዋ እንጂ ፊት ለፊት ደፍሮ አይጠራትም። ስሙን ያወጣላት የወጥ ቤት ሚዛኗ ነው፤ ከመቀመጫ ጀምሮ እስከ ብሎን ድረስ ሳትመዝን የምትገጥመው ነገር የለም። አጎቷማ፣ ሰላም የሚላትን ሰው እንኳ በዓይኗ ሳትመዝን አትመልስለትም ይላል።

«እኔ ነኝ» አለች ብቅ ብላ። «ምን ታቅፈህ ነው?»

አንሶላውን ሲገልጠው ጥቁር የውድድር ብስክሌት ወጣ፤ ነፋስ እንዲሰነጥቅ ተብሎ ቱቦዎቹ እንደ ቢላ የሳሱ። ጎማ የለው፣ መሪ የለው፤ አጥንቱ ብቻ። ውድድር ካቆመ ሰው ላይ እንደገዛው ነገራት። እሱ ቀያሽ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሜትርና ችካል ይዞ የሰው መሬት ሲለካ ይውላል፣ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ብስክሌት ይጋልባል። ከሦስት ወር በኋላ እያንዳንዱ ጋላቢ ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚታገልበት የአርባ ኪሎ ሜትር ውድድር አለ። ከአንድ ሰዓት በታች የገባውን አንድ የውጭ አገር ክለብ ይወስደዋል። ክለቡ ሠላሳ ዓመት የሞላውን አይቀበልም፤ ቀያሹ ደግሞ ሃያ ዘጠኝ ሆኖታል። አሁን የሚገባው በአንድ ሰዓት ከሁለት ደቂቃ ነው።

«እግሬ የሚችለውን አድርጓል» አላት። «የቀረው የነፋሱ ነው።»

ሱቋ የሚመጡ ጋላቢዎች መልስ ሳይሰሙ ሌላ ጥያቄ የሚደርቡ ናቸው። እሱ ግን አስባ እስክትጨርስ ድረስ፣ ዓይኑን ከዓይኗ ሳይነቅል፣ ሳይቸኩል ቆመ። ግራም ቀድማ አንገቷን ደፋች።

ይህን ነገር ታውቀዋለች። በአሥር ዓመት ውስጥ ስንቱን አፍጥና ሸኝታለች። ሰው ይመጣል፣ ብስክሌቱን ታፈጥንለታለች፣ በፈጠነ ብስክሌቱ ይሄዳል። ማታ አጎቷ ወደ ክፍሉ ሲገባ እሷ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሏ አንድ ሳህንና አንድ ብርጭቆ አጥባ ትደፋለች። ሁለተኛ ብርጭቆ አላት፤ ብሎን ነው የምታስቀምጥበት።

ከከተማው ዳር አንዲት ጭር ያለች ቁልቁለት መንገድ አለች። አጥንቱን ብስክሌት አድርጋ ለመጨረስ አንድ ወር ያህል ፈጀባት፤ ከዚያ እሁድ እሁድ ነፋስ ሳይነሳ እዚያ መገናኘት ጀመሩ። አሠራራቸው ቀላል ነው። ቁልቁለቱ አናት ላይ እሱ ብስክሌቱ ላይ ይወጣል፤ እሷ መቀመጫውን ከኋላ ይዛ ታቆመውና ሳትገፋ ትለቀዋለች። ፔዳል መምታት የለም። ቁልቁለቱን ወርዶ፣ ሜዳውን ይዞ፣ በራሱ ጊዜ እስኪቆም ይንከባለላል። በቆመበት ቦታ በጠመኔ መስመር ያሰምራል፣ በሜትር ይለካል፣ ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ለእያንዳንዱ አዲስ ዕቃ ሦስት ሦስት ጊዜ ይሞክራሉ። ብስክሌቱ ከበፊቱ መስመር አልፎ ከቆመ፣ ዕቃው ነፋሱን ሸውዶታል ማለት ነው።

በመጀመሪያው እሁድ ሰፊውን መሪ በጠባብ ለወጡት፤ በሁለተኛው ኬብሎቹን ሁሉ በቱቦው ውስጥ አሳለፉ። በሦስተኛው ረጅም ጅራት ያለው ሄልሜት አደረገ። አጎቷ ሄልሜቱን ሱቅ ውስጥ ሲያየው፣ «ይኼ ነፋስ ያታልል ይሆናል፣ ሚስት ግን አያገኝም» አለ። ግራም የማትሰማ መስላ መፍቻዋን ወለወለች።

በየሳምንቱ እላይ ቆማ ትለቀዋለች፣ በየሳምንቱ ትንሽ አልፎ ይቆማል። ሥራዋ ባማረ ቁጥር ሰውዬው ይርቃል። ከላይ ሆና ስታየው ጎንበስ ብሎ ጠመኔውን ከኪሱ ሲያወጣ አውራ ጣት ያክላል።

ሲመለሱ ብስክሌቱን መሃላቸው አድርገው እየገፉ ያወራሉ። የሚለካው መሬት ሁሉ የሰው እንደሆነ፣ የራሱ የሚለው አንድ የኪራይ ክፍል ብቻ እንደሆነ ነገራት። እሷም ለራሷ ስትል ብስክሌት ላይ ከወጣች ስንት ዓመት እንዳለፋት ነገረችው። ለማንም ነግራ አታውቅም፤ የጠየቃትም የለም።

አንድ ቀን ሱቅ ውስጥ ብሎን ስታስር አያት። አጥብቃ ካሰረች በኋላ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ ከብሎኑ ራስ እስከ ቱቦው ድረስ ቀጭን መስመር አሰመረች።

«ምን ይሠራል?»

«መስመሩ ለሁለት ከተሰበረ ብሎኑ ላልቷል ማለት ነው። ቀጥ ብሎ ካየኸው ግን አትንካው። እኔ ያሰርኩት ነው።»

«ጥፍርሽ ላይ አይቼው አላውቅም።»

«ጥፍሬ አይላላም» አለች። ሲስቅ ዓይኑ እንደሚጠፋ ያን ጊዜ አየች፤ ማታ ሳህኗን ስታጥብም ትዝ አላት።

በስድስተኛው እሁድ ነፋስ እንዲከፍል ጠርዙ ወደ መሃል የጠለቀውን፣ ጥልቁ የሚሉትን የኋላ ቸርኬ ይዘው ወጡ። ከተራው ቸርኬ በሦስት መቶ አሥር ግራም ይከብዳል፤ ሚዛኗ ላይ ስታስቀምጠው እንደ ልማዷ ፊቷ ተኮሳትሮ ነበር። ግን ሜዳ ላይ ጋላቢን የሚያደክመው ከክብደት ይልቅ ነፋስ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ሁለቱን ደቂቃ የሚያመጣው ይህ ቸርኬ ነው። ሁለቱ ደቂቃ ከመጡ ደግሞ ሰውየው ይሄዳል።

መቀመጫውን ያዘች። «ልቀቂ» አለ እሱ። ጣቶቿ አልለቀቁም። ብስክሌቱ መንከባለል ጀምሮ ግማሽ እርምጃ ጎተታት፤ ከዚያ ነው የለቀቀችው። ሦስቱንም ጊዜ እንደዚያ ሆነ። ሰው የማያስተውለው ነገር ነው፤ ለዚህ ሙከራ ግን ሞት ነው። ቀያሹ ተመልሶ ደብተሩን አየና፣ «ስድስት ሜትር ቀንሷል» አላት። «ይቅር አይደል?»

«ይቅር» አለች።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥልቁ ቸርኬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ አፈጠጠባት። በሕይወቷ ግራም አጭበርብራ አታውቅም፤ አሁን የሰው ዕድሜ አጭበረበረች። ዝም ብትል ይቀርላታል፤ የሚቀርላት ግን የተሸነፈ ሰው ነው፣ ያሸነፈችውም እሷ ናት። ውድድሩ አንድ ሳምንት ሲቀረው ለምሳ ሰዓት በሩን ዘግታ አስቀመጠችውና ሳታባብል ነገረችው።

«ቸርኬው አይደለም የቀነሰው። እጄ ነው። መልቀቅ አቃተኝ።»

ቀያሹ ይቆጣል ብላ ስትጠብቅ፣ ጎንበስ ብሎ የፊት ፍሬኑን ላስቲክ በጣቱ ነካ።

«ይኼ ተበልቶ ሲያብለጨልጭ አላየሽውም?»

አይታዋለች። ቁልቁለቱን ያለ ፍሬን የሚወርድ ብስክሌት ፍሬኑ ለምን እንደሚበላ ገርሟት ነበር። በዚያ ሄልሜት ሁለት ሜትር ብቻ በተገኘ ጊዜም፣ ኩሽኔታው ይዞ ነው ብላ ሁለት ቀን ሙሉ ፈትታ ገጥማለች።

«ከሦስተኛው እሁድ ጀምሮ ፍሬን እየነካሁ ነው» አላት። «ሙከራው ቶሎ እንዳያልቅ። ለውድድሩ እግሬን አምናለሁ አልኩ። ያንቺን እሁድ ግን ከየት አመጣዋለሁ?»

ግራም ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ። እሱ አልነካትም፤ መሀረቡን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ፣ ሚዛኑ አጠገብ አስቀመጠላት። አብረው ደብተሩን ገልጠው ከሦስተኛው እሁድ ወዲህ የለኩት ቁጥር ውሸት መሆኑን ገጽ በገጽ አዩ።

ቅዳሜ ማለዳ ለመጨረሻ ጊዜ ወጡ። ጥልቁ ቸርኬ ተገጥሟል። «ዛሬ አንቺም እጅሽን ልቀቂ፣ እኔም ፍሬኔን አልነካም» አላት። ለቀቀችው። የጠመኔ መስመሮቹን አንድ በአንድ አለፋቸው፣ ሜዳውን ጨረሰ፣ መታጠፊያው ጋ ደርሶ ከዓይኗ ተሰወረ። እላይ ብቻዋን ቀረች። የሚቆምበትን ሳታይ ስትቀር ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ መንገዱ ባዶ ሲሆን እንዴት እንደሚመስል ያን ጠዋት አወቀች። ብዙ ቆይቶ ተመለሰ።

«ስንት ሆነ?»

«ሜትሬ አልደረሰም» አለና ደብተሩን ኪሱ ውስጥ ከተተው። «ቸርኬው ይሁን።»

ውድድሩን በሃምሳ ዘጠኝ ደቂቃ ከሃምሳ አንድ ሰከንድ ጨረሰ። ዘጠኝ ሰከንድ ተረፈው። ሊሰናበታት ሲመጣ ብስክሌቱ በካርቶን ታሽጎ ነበር።

«እንድቀር ከፈለግሽ ንገሪኝ» አላት። «እቀራለሁ።»

ከልቡ እንደሆነ አየች፤ የከበዳትም ለዚህ ነው።

«ያን ቸርኬ የገጠምኩት አንተን ለማስቀረት አይደለም።»

እንደ ልማዱ አስባ እስክትጨርስ ቆመ። ፊቷን አዙራ፣ አንዴ የተመዘነ ብሎን እንደገና መመዘን ያዘች። ዘወር ስትል በሩ ገርበብ ብሎ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሱቁ ጸጥ አለ። የጥፍር ቀለሟ ጠፍቶባት አጎቷን ብትጠይቀው፣ «ተኳኩዬበት ይሆናላ» ብሎ አሾፈባት። ከቀያሹ አልፎ አልፎ አጭር መልእክት ይመጣል፤ ብርዱን፣ ክፍሉን፣ የማይገባውን ቋንቋ ይጽፍላታል። እሷ ሰንሰለቱን ቅባት መቀባት እንዳይረሳ ትመልስለታለች። አጎቷ በትከሻዋ በኩል አንብቦ፣ «ይኼ የፍቅር ደብዳቤ ነው ወይስ የጋራዥ ማስታወቂያ?» አላት። ቁልቁለቱ ጋ ግን አንድም እሁድ ዝር አላለችም።

አምስት ወር ሲሞላ አጎቷ አንድ እሁድ ማለዳ አሮጌ ብስክሌቷን አውጥቶ ደጅ አቆመላት። ጎማዋን ነፍቶላት ነበር። «ሂጂ እስቲ፣ ሱቁን እኔ እጠብቃለሁ» አለ።

እላይ የሚይዛት ሰው የለም፤ ራሷን ለቀቀች። ቀጥ ብላ ተቀምጣ፣ ነፋሱን ደረቷ ላይ እየተቀበለች ወረደች። ጠመኔውን ዝናብ አጥቦታል። ብስክሌቷ የድሮ መስመሮቹ ቦታ ሳይደርስ ቆመ፤ በዚያ ቅርጫትና በዚያ ሰፊ መሪ ከዚህ በላይ አይጠበቅም። ወርዳ እየገፋች መታጠፊያውን አለፈች።

ሃምሳ እርምጃ ያህል እንደሄደች አየችው። ከአስፋልቱ ጠርዝ ተነስቶ እስከ መንገዱ ዳር ድንጋይ የተሰመረ ቀጭን ቀይ መስመር ነው፤ ግማሹ አስፋልቱ ላይ፣ ግማሹ ድንጋዩ ላይ። የጠፋባት የጥፍር ቀለም ጠርሙስ ባዶውን ከድንጋዩ ሥር ተሸጉጧል።

ስልኳን አወጣች። ሁለት ጊዜ ጠራ።

«አየሽው?» አላት፣ ሰላም እንኳ ሳይል።

«አየሁት።»

«ላልቷል?»

ተንበርክካ መስመሩን ከአስፋልቱ እስከ ድንጋዩ በጣቷ ተከተለችው። ቀጥ ብሎ ነበር።

«አልላላም» አለች። «መቼ ነው የምትመጣው?»

«ውሉ ሊያልቅ ሰባት ወር ቀረው።»

«ና» አለችው። እንዲህ ያለ ነገር ለማንም ብላ አታውቅም።

ቤት ስትመለስ አጎቷ ምንም ሳይጠይቃት ወደ ክፍሏ ገባች። ከሁለተኛው ብርጭቆ ብሎኖቹን ገልብጣ፣ አጥባ፣ ከአንደኛው ጎን ደፋችው።