የቦራ ግራ ዓይን

ስጦታ ትባላለች። ዐሥራ አንድ ዓመቷ ነው። ቤቷ ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ፣ አስፋልቱ አልቆ ጭቃው በሚጀምርበት በኩል ነው። የምትኖረው ከአያቷ ከቄስ ወልደ ገብርኤልና ከአጎቷ ከሰይፉ ጋር ነው። በግቢው ውስጥ ቦራም አለ። ቦራ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ሽማግሌ ፈረስ ነው።

ቄስ ወልደ ገብርኤል ጉልበታቸውን ያማቸዋል። የሚያገለግሉበት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ሩቅ ነው፤ መንገዱም በገደል አፋፍ ስለሚያልፍ ባጃጅ አይገባበትም። ስለዚህ የሚመላለሱት በቦራ ነው። ቦራን የምታበላው፣ የምታጠጣው፣ ኮርቻውን የምታወርድለት ስጦታ ናት። አጎቷ ሲቀልድባት "ቦራ የስጦታ ታላቅ ወንድም ነው" ይላል።

ሐምሌ እንደገባ አንድ ቀን ገብስ በእጇ ይዛ በግራ በኩል ቀረበችው። ቦራ ዝም አለ። እጇን ዓይኑ ፊት አወዛወዘች። አሁንም ዝም። ጠጋ ብላ ስታየው ግራ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። ስጦታ ክው አለች።

በዚያው ዕለት ምሳ ሲበሉ አጎቷ ወሬ ጀመረ።

"አባ፣ ይህ ፈረስ አርጅቷል። ክረምቱንም በእሱ ሊመላለሱ ነው?"

"ካልቻለስ ምን እናደርገዋለን?"

"ሜዳ እንለቀዋለና! ድርቆሹ ለበሬዎቹም አልበቃ።"

ሜዳ የተለቀቀ ሽማግሌ ፈረስ ምን እንደሚያገኘው እናንተም ታውቃላችሁ። ጅብ ነው የሚያገኘው።

"እስቲ ስጦታን እንጠይቃት" አሉ አያቷ። "ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም። ልጄ፣ ቦራ ክረምቱን ይወጣዋል?"

ስጦታ እንጀራዋን እየቆረሰች መለሰች።

"ይወጣዋል አባባ። ምንም አልሆነም።"

አንተ እዚያ ጥግ የተቀመጥከው፣ "ጥሩ አደረገች" ስትል ሰምቼሃለሁ። ቆይ፣ ጨርሼ ልንገርህ።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ሆነ። ስጦታም እንደ እናንተ እየጾመች ታስቀድስ ጀመር። ሲሄዱም ሲመለሱም የቦራን ልጓም ይዛ ከፊት ትመራለች።

"ልጄ፣ ለምን ጭቃ ውስጥ ትለፊያለሽ?" ይሏታል አያቷ። "ልቀቂው፣ ቦራ መንገዱን ያውቀዋል።"

"ደስ ስለሚለኝ ነው አባባ።"

ይኸውላችሁ፣ አንዱ ውሸት ሌላውን ወለደ። ስጦታ አንድም ቀን ደስ አላላትም። ሌሊቱን የዘነበ እንደሆነ ልጓሙን አሳጥራ ትይዛለች።

አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ሲወርድ አደረ። ረፋድ ላይ ከአጎቷም ጋር ሲሄዱ የመንገዱ ጠርዝ በአንድ በኩል ተንዶ አዩ። ገደሉ በስተቀኝ ነበርና ቦራ በደህናው ዓይኑ አይቶ ከጠርዙ ራቀ። ስጦታ ግን አሰበች። ስንመለስ ገደሉ በስተግራ ይሆናል!

ቅዳሴው እየተቀደሰ ልቧ እዚያ መንገድ ላይ ነበር። የቁርባን ሰዓት ደረሰ። ልጆቹ ነጠላቸውን አስተካክለው ተሰለፉ። ስጦታ እግሯ አልሄድ አላት። ውሸቷን ይዛ መቅረብ ፈራች። ጓደኛዋ ናዝራዊት እጇን ብትስባት "ውሃ ጠጥቻለሁ" አለቻት። ጠብታ ውሃ አልቀመሰችም ነበር።

ከቅዳሴ በኋላ ናዝራዊት ለቄስ ወልደ ገብርኤል ነገረቻቸው። እሳቸውም አዘኑ።

"ጾሙ ከብዷት ነው። ልጄ፣ ዛሬ ልጓም አትያዢ። ከአጎትሽ ጋር ቀስ ብለሽ ነይ።"

"አባባ፣ እኔ እኮ..."

"እሺ በይ እንጂ!"

አያቷ በቦራ ላይ ተቀመጡና ሄዱ። ወዲያው ጉሙ ወረደ። ፈረሱም አያቷም ከዓይኗ ጠፉ። የሚሰማው የቦራ ኮቴና የአያቷ ዜማ ብቻ ነው።

ስጦታ ሮጠች። አጎቷ "ምን ሆነሻል?" እያለ ተከተላት። ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አላነሳችውም።

"አባባ! ይቁሙ! ይቁሙ!"

ዜማው ቆመ። ኮቴው ግን አልቆመም።

ስጦታ ዘወር አለች። አጎቷ ከኋላዋ ደርሷል። እውነቱን ከተናገረች ይሰማል፤ ቦራም ለጅብ ነው። ዝም ካለችስ? አያቷ!

"ይውረዱ አባባ!" ብላ ጮኸች። "ቦራ በግራ ዓይኑ አያይም! ዋሽቼዎት ነው!"

ቄስ ወልደ ገብርኤል ልጓሙን ሳቡ፤ በቀኝ በኩል ተንሸራተው ወረዱ። ቦራ አንድ እርምጃ ጨመረ። የኋላ እግሩ ስር አፈሩ ተናደ! ፈረሱ ወደ ገደሉ አጋደለ። "ሜዳ እንልቀቀው" ያለው ሰይፉ ዘሎ ልጓሙን ያዘ። አያቷም ያዙ፤ ስጦታም ያዘች። ሦስቱም ተንበርክከው ጎተቱ። ቦራ እየተንፈራገጠ ወጣ።

ቦራን ከጠርዙ አራቁት።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አሉ አያቷ።

"ሐምሌ ሲገባ።"

"ለምን ዋሸሽኝ?"

"ቦራን ጅብ እንዳይበላው ብዬ ነው።"

ቄሱ ወደ ገደሉ አዩ። "እኔንስ ለዚህ ልትሰጪኝ ነበር?"

አልተቆጡም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ስጦታ እግራቸው ላይ ወድቃ አለቀሰች። "ይቅር ይበሉኝ አባባ!"

አነሷት። "ልጄ፣ ብትነግሪኝ ኖሮ እኔ መች እጥለው ነበር? ይህን ያህል ዓመት የተሸከመኝን? አንቺ ግን አላመንሽኝም።"

ሰይፉ አንገቱን ደፍቶ የቦራን እግር ጭቃ ይጠርግ ነበር። "ጥፋቱ የእኔም ነው" አለ። "በክረምቱ ቦራ ይረፍ። አባን እኔ ደግፌ አደርሳለሁ። ድርቆሹንም አብቃቅተን እንሰጠዋለን።"

ስጦታ ለነፍስ አባቷ ተናዘዘች። ለናዝራዊትም "ውሃ አልጠጣሁም ነበር፤ ዋሽቼሽ ነው" አለቻት። ፍልሰታ ሳያልቅ ከልጆቹ ጋር ተሰልፋ ቆረበች። አያቷን ሰይፉ በአንድ በኩል፣ እሷ በሌላ በኩል ደግፈው ቤት ሲደርሱ ቦራ በረት ውስጥ ሆኖ አሽካካ። ስጦታ ገብስ ይዛ በቀኙ በኩል፣ በሚያይበት በኩል ቀረበችው።

ልጆቼ፣ የምንወደውን ለማዳን ብለን እንኳ አንዋሽ፤ እውነቱን ሳይረፍድ ለሚወዱን ሰዎች እንንገር።