የቀይ ገደል ላይኛው መንገድ

ሥርጉት የተገኘችው ሐሙስ ጧት ነው። ከቀይ ገደል ሥር፣ ውኃ በሌለው ወንዝ ድንጋይ ላይ፣ በግንባሯ ተደፍታ። አንድ እግሯ ጫማ አጥልቋል፤ ሌላው ባዶ ነው።

ያገኛት ጓዴ የሚባል ንብ አናቢ ነው። ጮሆ አገር ሰበሰበ፣ ጋቢውን አውልቆ አለበሳት፣ አለቀሰላትም። ምን ዋጋ አለው! ፖሊስ ኪሱን ሲፈትሽ የሟቿ ስልክ ወጣ። እጁን ታስሮ ቢቸና ፖሊስ ጣቢያ ገባ።

«ስልኩን ለምን ወሰድህ?» አለችው ኢንስፔክተር እፀገነት።

«ቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አየሁት። ሰይጣን አሳሳተኝ፣ እመቤቴ።»

«ገፍተሃታል?»

«ኧረ በእግዚአብሔር! እኔ ስደርስ ሬሳዋ ደርቋል!»

እፀገነት በዚህ ሥራ ላይ አሥራ አራት ዓመት ቆይታለች። ጓዴን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ሌባ ነው፣ ያውም ጀማሪ ሌባ። አለቃዋ ግን «ገፍቶ ገድሎ ዘርፏት ነው፣ ምን ያስጨንቅሻል?» ብሎ መዝገቡን ለመዝጋት ቸኮለ።

የሟች ባል ደግሞ ሌላ ነገር ነው የሚለው። አምላኩ ይባላል። ከደብረ ብርሃን ተመድቦ የመጣ የመሬት አስተዳደር ባለሙያ ነው፤ ሥርጉትን ካገባ ሁለት ዓመቱ። ረቡዕ በዘጠኝ ሰዓት እያለከለከ ጣቢያ የደረሰው እሱ ነበር። «ሚስቴ ራሷን ወረወረች!» አለ። ሰው ተሰብስቦ እስኪመሽ ድረስ ተወረወረችበት ካለው የገደሉ መመልከቻ ድንጋይ ሥር ፈለጋት። አልነበረችም። ጓዴ በማግስቱ ያገኛት ከዚያ ሦስት መቶ ሜትር ያህል ወደ ታች ነው። ወንዙ ደረቅ ነው፤ ውኃ ወሰዳት አይባልም።

«ወደዚህ ቦታ ምን አመጣችሁ?» ብላ ጠየቀችው።

«እረፍት ላይ ነበርን። ሥርጉት ነርስ ናት፤ ሥራው አድክሟት ነበር። ሞጣ አልጋ ይዘን በየቀኑ አንድ መንገድ እየመረጥን በእግር እንሄዳለን። ሰኞ ሰባራ ድልድይ፣ ማክሰኞ ፏፏቴው፣ ረቡዕ ቀይ ገደል።»

«ማን ነው የሚመርጠው?»

«እሷ ናት። ድሮም ሕልሟ ይኸው ነው። ውቅያኖስ መካከል ያለች ደሴት ሄዳ፣ ከሆቴሏ ጧት ወጥታ፣ ጫካ ለጫካ ስትዞር ውላ ማታ መመለስ። የማታውቀው የደሴት መንገድ የለም፤ ስልኳ ላይ ስታነብ ነው የምትውለው። ደሴቱ ይቅርብን፣ አገራችንን እንዙር አልኳት።»

«ቀይ ገደል በየት በኩል ወጣችሁ?»

«በላይኛው መንገድ፣ በዋሻ አቦ ገዳም ግቢ አልፈን። ትልቅ ሾላ አለ፤ ከሾላው ወዲያ የድንጋይ ደረጃ አለ፤ ደረጃው ሲያልቅ መመልከቻው ነው። ትንሽ ልረፍ ብዬ ተቀመጥኩ። እሷ በገደሉ ጠርዝ ወደ ፊት ሄደች። ከዚያ ጩኸት ሰማሁ።»

ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ከሬሳው ቦታ በቀር ታሪኩ ቀዳዳ የለውም። የሥርጉት የሥራ ጓደኛም ባለፈው ሳምንት የደረሳትን መልእክት አሳየች። «ደክሞኛል። ሁሉም ነገር ሰልችቶኛል» ይላል።

አርብ ከሰዓት በኋላ የሟች አባት መጡ። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ጉባኤ ዘርግተው ስንቱን ያስተማሩ፣ አገር የሚፈራቸው ሰው ናቸው። እፀገነት ከወንበሯ ተነሣች። እሳቸው አልተቀመጡም።

«ሬሳው ከምርመራ ተመልሷል። ቀብሩ ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው» አሉ። «ራሷን አጥፍታ ከሆነ ፍትሐት የላትም። ካህን አይቆምላትም፣ ከቅጥር ውጭ ትቀበራለች። እኔው ራሴ ለስንቱ ከልክያለሁ። ለልጄ ስል ሥርዓት አላፈርስም።»

«መሪጌታ፣ እስካሁን የተረጋገጠ ነገር የለም።»

«ያ የታሰረው ሰውዬ ገድሏት ከሆነ ንገሪኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ገድሏል በይኝና ልረፍ፣ ልጄ።»

አዎ ብትል በቃ። አለቃዋም ይደሰታል፣ መሪጌታም ልጃቸውን በወግ በማዕረግ ይቀብራሉ። ጓዴ ደግሞ ሚስትና አራት ልጆች አሉት። እፀገነት ግን «አላውቅም። እስከ ነገ ዘጠኝ ሰዓት አውቃለሁ» አለች። መሪጌታ ዘንጋቸውን ይዘው ወጡ።

ወዲያው የሥርጉትን ስልክ ከፈተች። በቁጥር አልተቆለፈም። አንድ ገጽ ላይ መንገዶቹ ተጽፈዋል፤ ያቺ ልጅ ምንኛ ጠንቃቃ ነበረች! ስንት ሰዓት እንደሚያስኬድ፣ የት ጥላ እንዳለ፣ የት ውኃ እንደሚገኝ ሁሉ አስፍራዋለች። ከሁሉ በታች «ቀይ ገደል» ይላል። «ላይኛው መንገድ አይሆንም። በታችኛው። ሦስት ሰዓት ተኩል። ውኃ ከእማማ ፀሐይነሽ ቤት።»

አይሆንም? ለምን? ዳገት ፈርታ እንዳይባል ሰባራ ድልድይን ወጥታ ወርዳለች።

አምላኩን አስጠርታ ጠየቀችው። «እዚያ ስንደርስ ሐሳቧን ቀየረች» አለ፤ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

ቅዳሜ ጧት በአንድ ሰዓት ከሳጅን ደምለው ጋር መኪና አስነሡ። ደምለው የሉማሜ ልጅ ነው፤ ለዚህ አካባቢ እንደ እፀገነት እንግዳ ነው። የሞጣን መንገድ ይዘው ሄዱና ከገዳሙ ግርጌ አቆሙ። የባልየው ቃል የተጻፈበትን ወረቀት በእጇ ይዛ እግር በእግር ተከተለችው። ሁሉም እንዳለው ነው። ይኸው ግቢው። ይኸው ሾላው። ከሾላው ባሻገር ደረጃው ይታያል።

«ቁሚ፣ ልጄ!»

ከሾላው ሥር አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተነሡ። መስቀላቸውን ወደ ፊት ዘርግተዋል።

«አባ፣ ፖሊስ ነኝ። እስከ ገደሉ ድረስ ነው የምሄደው።»

«ፖሊስም ብትሆኚ፣ ንግሥትም ብትሆኚ። ከዚህ ሾላ ወዲያ ሴት አታልፍም። ገዳሙ ከተገደመ ጀምሮ አላለፈችም። እሱ ይለፍ፣ አንቺ በታችኛው ዙሪ።»

እፀገነት ባለችበት ደርቃ ቀረች። ቃሉን የተቀበሉት የጣቢያው ሰዎች ሁሉ ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። የቀበሌው ሰው ሬሳ ፍለጋ ገደል ሲወርድ ዋለ እንጂ ያንን ወረቀት ያነበበ የለም።

«ረቡዕ ለት ባልና ሚስት እዚህ አልመጡም?»

«ረቡዕ ለት ንፍሮዬን ይዤ እዚህ ቁጭ ብዬ ነው የዋልኩት። ማንም አልመጣም።»

«ከዚያስ በፊት?»

አባ አሰቡ። «ካቻምና... ምን አልኩ፣ ባለፈው ሳምንት አንድ የከተማ ሰው ብቻውን መጥቶ ነበር። መስቀል ተሳልሞ አለፈ። ሲመለስ፣ በሥራ ቀን እዚያ ገደል ላይ ሰው ይኖራል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ምን ፈልጎ ይሆን ብዬ ነበር።»

ስልኳ ላይ ያለውን የአምላኩን ፎቶ አሳየቻቸው። አባ ስልኩን አራቅ አድርገው አዩና «እሱ ነው» አሉ።

ታችኛው መንገድ ግማሽ ሰዓት ያስዞራል። እማማ ፀሐይነሽ ደጃቸው ላይ ባቄላ ሲያበጥሩ አገኟቸው። ፎቶውን ሲያዩ ሰፌዱን አስቀመጡት።

«እንዴታ! ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ ሁለት ሆነው አለፉ። ልጅቷ ምን የመሰለች ናት፣ ሳቂታ! ስንመለስ ውኃ እንጠጣለን አለችኝ። አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ብቻውን ተመለሰ። ውኃ ሰጠሁት። ሚስትህስ ብለው፣ ፎቶ እያነሳች ነው፣ ትመጣለች አለኝ።»

«እንዲህ ያለውን ለምን ለፖሊስ አልተናገሩም?»

«ከመመልከቻው ሥር የወደቀ ሰው ይፈለጋል ነው የተባለው። እኔ ያየኋት በዚህ በኩል የሄደች ናት። ሌላ ሰው መሰለችኝ እንጂ!» ፊታቸው ተለዋወጠ። «ልጄ... ያቺ ናት እንዴ?»

«ያቺ ናት፣ እማማ» አለች እፀገነት። ሴትዮዋ ሰፌዱ ላይ ተደፍተው አለቀሱ። ከቤታቸው ወደ ታች ሲኬድ መንገዱ ገደሉን ታክኮ ያልፋል፤ ልክ ከሥሩ ሥርጉት የወደቀችበት ድንጋይ አለ። ያን ለማየት ብዙ አላስኬዳቸውም።

መኪና ውስጥ ሆና ሥርጉት በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሦስት ጊዜ የደወለችበትን ቁጥር ደወለች። ሴት አነሣች። አምስት ደቂቃ ተነጋገሩ። እፀገነት ስልኩን ስትዘጋ ደምለው «ምን ሆንሽ?» አላት። «ንዳ፣ ንዳ» ብቻ አለችው።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ አምላኩ ፊቷ ተቀመጠ። ጥቁር ለብሷል።

«አቶ አምላኩ፣ መንገዱን እንደገና ይንገሩኝ።»

ነገራት። አንድ ቃል አላጓደለም።

«ሥርጉት ከጎንዎ ነበረች?»

«አዎ። ደረጃውን እጇን ይዤ ነው ያወጣኋት።»

«እኔም ዛሬ ጧት ሄጄ ነበር። ደረጃው ጋ ሳልደርስ መለሱኝ።»

«ለምን?»

ከልቡ ነው የጠየቀው።

«ሴት ስለሆንኩ ነዋ! ከሾላው ወዲያ ሴት አታልፍም። ብቻህን ልታጠና ስትሄድ ማን ይመልስህ? ወንድ ነህ። የመሪጌታ ልጅ ግን ታውቃለች። አይሆንም ብላ ጽፋዋለች። አንተ መንገዱን ብቻ አይተህ ተመለስክ።»

«ምናልባት ተሳስቼ...»

«በታችኛው ሄዳችሁ። እማማ ፀሐይነሽን አልጠራህም፤ የላይኛውን ያነሣኸው እሳቸው ቤት ማንም ሄዶ እንዳይጠይቅ ነው። አምስት ሰዓት ላይ ውኃ ሰጥተውሃል። እኛ ጋ የመጣኸው በዘጠኝ ሰዓት ነው። እስከዚያ የት ነበርክ?»

የሸሚዙን ቁልፍ ፈታ።

«አምላኩ! የት ነበርክ?»

«የምናገረውን... ሳስብ ነበር።» አንገቱን ደፋ። «ከተማ ገብቼ ምሳ በላሁ።»

እፀገነት ስልክ ቁጥር የጻፈችበትን ወረቀት ፊቱ አስቀመጠች።

«በዛብሽን አነጋግሬያታለሁ» አለች። «ደብረ ብርሃን ያለችውን ሚስትህን። ልጅህ ስድስት ዓመት ሞላው አሉ።»

ያን ጊዜ ነው የተረታው። ለመሪጌታ ሚስት የለኝም ብሎ በመስቀል ምሎ፣ በተክሊል፣ በቁርባን ነው ሥርጉትን ያገባው። ሥርጉት ነገሩን በወሬ ወሬ ሰማች፤ ደውላ አረጋገጠች።

«ለአባቴ እነግራለሁ አለች» አለ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ። «ለመሥሪያ ቤትህም እነግራለሁ አለች። እረፍታችን እስኪያልቅ ታገሽኝ፣ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ ብዬ ለመንኳት። እሺ አለች። መንገድ መምረጥ ሲባል ደስ ይላት ነበር። የምታውቀው ሰው የማይደርስበት ቦታ ስፈልግ እሷ ራሷ ቀይ ገደልን ጻፈች።»

«ገፋሃት?»

«ፎቶ ላንሳሽ፣ ወደ ኋላ በይ አልኳት።» እንባው ወረደ። «አንዴ ብቻ ነው የገፋኋት።»

እፀገነት ቃሉን አስፈረመች። ጓዴ በስልኩ ስርቆት ይጠየቅ፣ ከግድያው ግን ነፃ ነው ብላ ጻፈች። ሰዓቷን ስታይ ስምንት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። ደምለው መኪናውን እንደ እብድ ነዳው።

ሳጥኑ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ባዶ መሬት ላይ ተቀምጧል። ጉድጓዱም እዚያው ተቆፍሯል። ሴቶቹ ድምፃቸውን አፍነው ያለቅሳሉ። ካህናቱ ከበሩ ወዲያ ቆመው ያያሉ፤ አንዳቸውም አልተጠጉም። መሪጌታ ሀብተ ሥላሴ ግንቡን ተደግፈው ብቻቸውን ቆመዋል።

እፀገነት ተጠግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«መሪጌታ፣ ሥርጉት ራሷን አላጠፋችም። ተገፍታ ነው። ገዳይዋ አምኖ ፈርሟል።»

ሽማግሌው መሬት ላይ ተንበረከኩ። «ተመስገን» አሉ። «ተመስገን፣ ተመስገን።» ልጁ ተገደለች ሲባል ተመስገን የሚል አባት እፀገነት አይታ አታውቅም። ነገሩ ለካህናቱ ተነገረ። መቋሚያና ጽናጽል ይዘው ወጡ፤ ሳጥኑን አንሥተው ወደ ቅጥሩ አስገቡት። አዲስ ጉድጓድ ይቆፈር ተባለ። ሕዝቡ አሁን ገና ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።

«ማን ነው?» አሉ መሪጌታ።

ነገረቻቸው። ባልየውን፣ የደብረ ብርሃኗን ሴት፣ ልጁን። «ለእርስዎ ልትነግርዎ ነበር፤ ለዚህ ነው የገደላት።»

መሪጌታ ከመሬቱ አፈር ዘገኑ።

«መጥታ ነበር» አሉ። «እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ። ደጄ ላይ ቆማ፣ አባባ ከአምላኩ ጋር መኖር አልችልም፣ የምነግርዎት አለኝ አለችኝ። በቁርባን የገባ አይወጣም፣ ሂጂ ወደ ባልሽ አልኳት። ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኳትም። ግቢ እንኳ አላልኳትም።»

ከውስጥ አንድ ቄስ ብቅ አለ። «መሪጌታ፣ ይምሩን እንጂ! እርስዎን ነው የምንጠብቀው።»

ተነሡ። ወደ ሳጥኑ ራስጌ ሄደው መጽሐፉን ተቀበሉ። አርባ ዓመት ለአገር ሙሉ ሲያዜሙ የኖሩ ሰው አፋቸውን ከፈቱ፤ ድምፅ አልወጣም። ደግመው ሞከሩ። ቄሱ መጽሐፉን ቀስ ብሎ ከእጃቸው ወሰደና እሱ ጀመረው።

አፈሩ ተመልሶ ሰው መበተን ሲጀምር እፀገነት እጃቸውን ይዛ «እግዚአብሔር ያጽናዎ፣ መሪጌታ» አለቻቸው።

«አያጽናኝ» አሉ። «አያጽናኝ፣ ልጄ።»