ካርታው ያሳየው አሥራ ዘጠኝ

ሠራተኛው ፍቅሬ በእስራኤሏ ፔታሕ ቲክቫ ከተማ ባለ የፍራፍሬ ማከማቻ፣ በፖም ሳጥኖች መካከል ተደፍቶ ተገኘ። አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም። ፖሙ እንዳይበሰብስ የሚለቀቀው ናይትሮጅን ከማዕዘኑ ቧንቧ ወጥቶ ኦክስጅን አሳጥቶት ነው የሞተው።

መርማሪዋ ሸጋ ኪሱን ስትፈትሽ የታጠፈ ወረቀት አገኘች፤ በማከማቻው በየቦታው ስንት በመቶ ኦክስጅን እንዳለ የሚያሳይ የዚያን ጠዋት ካርታ ነው። በወደቀበት ቦታ ላይ «19» ይላል፤ ለሰው የሚበቃ አየር። ለማንም ሳታሳይ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የቢሮው ኮምፒዩተር ግን ለዚያው ሰዓት፣ ለዚያው ቦታ ስድስት እንኳ የማይሞላ ቁጥር አሳያት።

ሥራ አስኪያጇ ሳሪት «ከንጋት ጀምሮ ሮሽ ሃዓይን ከተማ ነበርኩ» አለቻት።

ቴክኒሺያኑ አዝመራ ረጋ ብሎ አስረዳት። «መለኪያዎቹ እዚህም እዚያም ነው የተሰቀሉት፣ እኅቴ። በመካከል ያለውን ካርታው ይገምታል። የቀረበውን መለኪያ አብዝቶ ይሰማል፣ የራቀውን ጥቂት።»

«ታዲያ ግምቱ ስቶ ይሆን?»

«ግምት አይደል? ምስኪን፣ አሥራ ዘጠኝ የሚለውን አምኖ ገባ።»

ይህን ሲናገር ዓይኑ በሩ አጠገብ ከቆመችው ከኖይ ቀለበት ላይ አልነቀል አለ። ኖይ የፍቅሬ እጮኛ ናት።

«አዝመራ ወዳጃችሁ ነበር?» አለቻት ሸጋ ለብቻዋ ወስዳ።

«እኔን ለትዳር ጠይቆኝ እምቢ አልኩት። ከታጨን ወዲህ ፍቅሬን ሰላም አይለውም።»

ከሰዓት በኋላ ሸጋ ሦስቱንም ቢሮ ሰበሰበች።

«ከሬሳው ሁለት ሜትር ላይ ያለው መለኪያ አምስት ይላል፤ አሥር ሜትር የራቀው ሃያ። የቀሩት ሩቅ ናቸው። የቀረበው ስለሚያመዝን ግምቱ ወደ አምስት መጠጋት አለበት። የፍቅሬ ወረቀት ግን አሥራ ዘጠኝ ይላል። ይህ የሚሆነው የሁለቱ መለኪያዎች ቦታ ካርታው ላይ ሲለዋወጥ ብቻ ነው። አንድ ሰው አለዋወጣቸው፣ ቧንቧውን ከፈተ፣ ፍቅሬ ሲሞት መልሶ አስተካከለ።»

«የካርታው የይለፍ ቃል እኮ እኔም ጋ አለ» አለች ሳሪት ደንግጣ።

«በሰደር፣ ችግር የለም፣ አንቺን የሮሽ ሃዓይን ካሜራ መስክሮልሻል። ወረቀቱን ደግሞ ከእኔ በቀር ያየ የለም፤ ኮምፒዩተሩም አሁን አሥራ ዘጠኝ አይልም። አዝመራ፣ አሥራ ዘጠኝ እንደሚል በምን አወቅህ?»

አዝመራ ጥርሱን ነክሶ፣ «ሦስት ዓመት ጠበቅኳት። እሱ በሦስት ወር ወሰዳት» አለ።

ኖይ ቀና አለች። «ማንም አልወሰደኝም» አለችው። «እኔ ነኝ የመረጥኩት።»

አዝመራ ዓይኑን ከቀለበቷ አንሥቶ ለካቴናው እጁን ዘረጋ።