የደረጃውን መደገፊያ የወለወለው እጅ

እኔ እንኳን በመንፈስ በራዲዮ የአየር ትንበያም የማላምን፣ ጋኔን አየሁ ያለኝን ሰው ሁሉ «ራት በልተህ ነበር?» ብዬ የምጠይቅ ሰው ነኝ፣ ዛሬም አቋሜን አልለወጥኩም፣ ይህን ግን በዓይኔ ስላየሁት እመኑኝ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ከድንበሩ ማዶ ገዳሪፍ ውስጥ፣ አያ ሙላው የሚባል የጎንደር አናጢ ግቢ ተከራይቼ፣ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ላይ ተደፍቼ ስጽፍ እኖር ነበር። እሱ ራኩባው፣ ማለትም የሣር ዳሱ ሥር የደረጃ እንጨት ይጠርባል፣ ሚስቱ እትዬ አስካለ ቀለም ታጠጣለች፣ አቀላለሟ ደግሞ፣ ልንገራችሁ፣ ከብዙ ቅኔ ይበልጥብኛል፦ የግራር ፍሬ ቀቅላ ትቀባውና፣ የዛገ ምስማር የዘፈዘፈችበትን ሆምጣጤ ስትደርብበት ያ ገርጣጣ እንጨት ዓይናችሁ እያየ እንደ ኑግ ይጠቁራል። እጅንም ያጠቁራል፤ ሳሙና አይበግረውም፣ የሚያስለቅቀው ሎሚ ነው። ታዲያ በእርጥቡ በጨርቅ ካልተወለወለ ይዥጎረጎራል። መወልወሉ የአያ ሙላው ድርሻ ነበር፤ ሲጨርስ በጣቱ አንጓ ሁለቴ ኳ፣ ኳ ያደርግና «እግዜር ይስጥልኝ እያልኩት ነው» ይላል።

ያን ሰሞን ግን ከረሃቡ የሸሸች እህቱን ሊቀበል ወደ ድንበሩ፣ ወደ ቁረይሻ ሄዶ ወር አልፎታል፤ ከዚያ የሚመጡት ሁሉ መንገድ ላይ ስለቀረ ሰው ያወራሉ፣ ሙላውን አየሁ ያለ ግን አልተገኘም። እትዬ አስካለ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ለፎቁ ያዘዘውን የደረጃ መደገፊያ ብቻዋን ይዛለች።

«አንተ ምስጥ፣ ወረቀቱን ተውና ጨርቅ ያዝልኝ!» አለችኝ አንድ ከሰዓት።

«ምስጥ እንጨት ሲነካ አትፈሪም?»

«የአንተ ጥርስ ከወረቀት አያልፍም!»

ሆምጣጤውን ደርባ ሳንወለውለው ሃቡብ መጣ፣ ያ የአቧራ ግድግዳ ፀሐይዋን ሲውጣት እንጨቱን ጥለን ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። «በቃ፣ ተበላሸ» አለች። ያኔ ሰማነው። ሿ... ሿ... ጨርቅ በእንጨት ላይ ሲሄድ። ነፋስ ነው አልኩ፣ ነፋስ ግን እንዲያ ረጋ ብሎ ሄዶ፣ ዞሮ፣ አርፎ አይመለስም። በመጨረሻ ኳ፣ ኳ።

እትዬ አስካለ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለበሰች። «ሊሰናበተኝ ነው የመጣው» አለች፣ «ሙላው ሞቷል።»

ሃቡቡ ሲያልፍ ወጣን፤ ባልዲው፣ ብሩሹ፣ መሬቱ አቧራ ለብሷል፣ አንድም ዱካ የለም፤ መደገፊያው ግን ብናኝ ሳይነካው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ጠቁሮ ያበራል፣ እንዲያ ያማረ እንጨት ከዚያም ወዲህ አላየሁም።

በሳምንቱ አያ ሙላው እህቱን ይዞ ከትራክተር ላይ ወረደ። እትዬ አስካለ እያለቀሰች እጁን ይዛ ገለበጠችው። መዳፉ ጥቁር ነበር።

«የትራክተር ግራሶ ይሆናል» አለ፣ «ብፈትገው ብፈትገው እምቢ አለኝ።»

«አይ እቴ፣ ያ ሃቡብ የነፈሰ ዕለት እኮ አልቅሰንበት ነበር» አለች እህቱ፣ «እንደተኛ አልነቃ ብሎን።»

እትዬ አስካለ ሎሚ ቆርጣ መዳፉ ላይ ጨመቀችበት። ጥቁሩ እየለቀቀ መሬቱ ላይ ተንጠባጠበ። ግራሶ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ በሎሚ አይለቅም።

አያ ሙላው ወደ መደገፊያው ሄዶ ከዳር እስከ ዳር ዳበሰውና፣ እንደ ልማዱ ሊያንኳኳ ጣቱን አነሳ።

«ተው ሙላው» አለችው፣ «አንኳኩተኸዋል።»

እጁን መለሰ። መቼ ብሎ ግን አልጠየቃትም።