ፕራግ፦ ከማይቆመው አሳንሰር ያወጣኋት

ቀጣፊ መሆኔን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። «ሟች ተነሳ!» ብዬ ቀብር የበተንኩ ሰው ነኝ።

ይቺን ግን አልፈጠርኳትም። እናቴ ትሙት!

ባለፈው ሚያዝያ፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። ፕራግ። ፀሐይዋ ቦግ ብላለች።

የአክስቴ ልጅ ሉድሚላ ከሞራቪያ ገጠር መጣች። ከተማችንን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው። አክስቴ በስልክ፣ «ሉቦር፣ አደራ! ያለችኝ እሷ ብቻ ናት» ብላኛለች።

እኔ ደግሞ ቤተ መንግሥቱን በማሳየት ፈንታ፣ ላስደነግጣት ብዬ አንድ የድሮ መሥሪያ ቤት ይዣት ገባሁ።

እዚያ በር የሌለው አሳንሰር አለ። ሳጥኖቹ እንደ መቁጠሪያ ተያይዘው፣ ሳይቆሙ፣ በአንዱ ጎን ይወጣሉ፣ በሌላው ይወርዳሉ። እየሄደ ዘለህ ትገባለህ፣ እየሄደ ዘለህ ትወጣለህ።

«የመጨረሻው፣ አምስተኛው ፎቅ ላይ ካልወረድሽ...» አልኳት ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ጣራው ውስጥ ይገለበጣል። ተዘቅዝቀሽ ነው የምትመጪው።»

«ሂድ አንተ ቀጣፊ! ገጠሬ ስለሆንኩ ነው?»

አብረን ገባን። አምስተኛው ላይ እኔ ዘልዬ ወጣሁ። እሷ ቀረች። ምላሷን አወጣችብኝና ወደ ላይ ተሰወረች።

ወደሚወርደው ጎን ዞሬ ጠበቅኩ። ቢፈጅ ሃያ ሰከንድ ነው።

ሳጥኑ መጣ። ባዶ።

ቀጣዩም ባዶ።

ሦስተኛው... ባዶ።

ሳቄ ደረቀ።

ኮሪደሩን የሚወለውሉት እትዬ ክቬታ ሥራቸውን አቆሙ።

«ሰው አለ እላይ?» አሉ በሹክሹክታ።

«የአክስቴ ልጅ...»

«ስሟን እንዳትጠራ።»

«ለምን?»

«ዝም በል ብያለሁ! ራሷ ትመጣለች። ከጠራሃት ግን...»

እኔ መቼ ምክር ሰምቼ?

«ሉድሚላ!»

«አቤት!» ከላይ።

«አቤት!» ከታች፣ ከአሳንሰሩ ጉድጓድ።

«አቤት...» ከግድግዳው ውስጥ።

ሁሉም የሷ ድምፅ።

እትዬ ክቬታ አማተቡ። «ምን አደረግክ አንተ ልጅ...»

ሳጥን ወረደ። ሉድሚላ! ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ቆማለች። እጄን ስዘረጋ አለፈችኝ።

ቀጣዩ ወረደ። እሱም ውስጥ ሉድሚላ። ያው ሰማያዊ ካፖርት። ያው ሹሩባ።

ሦስተኛውም...

«የቷ ናት?» ወደ እትዬ ክቬታ ዞርኩ።

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ከአንድ በላይ እንዳትነካ።»

አራተኛዋ ሳቀች። በአፍንጫዋ፣ ልክ እንደ ሉድሚላ። አላሰብኩም። ክንዷን ይዤ ጎትቼ አወጣኋት።

ትሞቃለች። ትተነፍሳለች። እያለቀስኩ አቀፍኳት።

ከትከሻዋ ኋላ አምስተኛው ሳጥን ወረደ።

ያቺኛዋ ፊቷን ወደ እኔ አዙራለች። እንባዋ ይፈስሳል። ሁለት እጇን ዘርግታ፣ «ሉቦር... እኔ ነኝ... እኔ ነኝ እኮ...» እያለች፣ መጀመሪያ ጉልበቷ፣ ከዚያ ወገቧ፣ ከዚያ አፏ ከወለሉ በታች ገባ...

ያቀፍኳት ጆሮዬ ሥር ሹክ አለችኝ።

«አትያት።»