የአርባ ሁለት ሴቶች አውራ ጣት

የኔነሽ ስትገኝ ከወገቧ በታች በቦሎቄ ጆንያ ተቀብራ ነበር። ቦታው ከመካነ ኢየሱስ ከተማ ዳር ያለ የአንድ ላኪ ድርጅት መጋዘን ነው። ከብረቱ ሚዛን አጠገብ በጀርባዋ ተንጋላለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር። ባሕር ማዶ ያሉ ገዢዎች «ቦሎቄያችንን የሚለቅሙት ሴቶች ክብራቸው ተጠብቋል ወይ?» ብለው ላዘዙት ጥናት መጠይቅ ታስሞላ ነበር። ክብርን እንደ እህል በናሙና የሚመዝኑ ሰዎች ናቸው።

«ቁልሉ ተንዶባት ነው» አለ የመጋዘኑ ኃላፊ ደምሌ። «ስንት ጆንያ ተቀደደ መሰለህ!»

ኢንስፔክተር ምንተስኖት ተንበረከከ። የልጅቷ ራስ ከኋላ ተሰንጥቋል፤ የሚዛኑ ጠርዝ ደም ነክቶታል። ከራሷ ስር ግን የገዛ ነጠላዋ በአራት ታጥፎ ተነጥፏል።

«ቁልል የተናደባት ልጅ ነጠላዋን አጥፋ ትንተራሳለች?»

ደምሌ የተቀደዱትን ጆንያዎች መቁጠር ጀመረ። ምንተስኖት ወደ ዘበኛው ዞረ።

«ትናንት ለቃሚዎቹ ከወጡ በኋላ ማን ቀረ?»

«እኔ፣ ጋሽ ደምሌ፣ የጥናቱ አስተባባሪ ዓለምጸሐይና ሟቿ» አለ ዘበኛው ካሴ። «ሌላ ዝንብ አልገባም፣ ጌታዬ።»

የሟቿ እናት ተሾመችም ለቃሚ ናት። ምንተስኖት መጋዘኑ ደጅ አፈር ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«እማማ፣ ልጅዎ ምን ብላዎት ነበር?»

«‹የነገራችሁኝን ሁሉ ጽፌዋለሁ› አለችኝ። ደምሌ ሴቱን እየነጠለ ጓሮ የሚጠራውን፣ እምቢ ያለችውን የሚያባርረውን። አርባ ሁለታችንም ነገርናት።»

ቃሏን ጽፎ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክቶ አስጫናት። ወረቀቱ ላይ የቀረው ድፍን ክብ ብቻ ነበር።

«አስራ አንድ ዓመት ቦሎቄ ከጠጠርና ከአፈር ለቀምኩበት፣ ልጄ። የጣቴ መስመር አልቋል። የሁላችንም እንዲሁ ነው።»

ምንተስኖት ስለ ጓሮው ሲጠይቀው ደምሌ ሳቀ። «ሴት ከተሰበሰበ ወሬ ይጠፋል? መጠይቁን እይ!»

ዓለምጸሐይ ስለ ሴቶች መብት በዩኒቨርሲቲ የተማረች፣ ከከተማ የመጣች ሴት ናት። ዓይኖቿ አብጠዋል። ወረቀቶቹን በአንድ እጇ አቀበለችው፤ ግራ እጇ ከሹራቧ ኪስ አልወጣም።

«ሁሉም ‹በደል የለም› ብለዋል። አሻራቸው ከስር አለ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ሚዛኑ አጠገብ ሰበሰባቸው። ለቃሚዎቹም መጡ።

«ከነጠላው ልነሳ» አለ ምንተስኖት። «ገዳዩ አዝኖላታል። ደምሌ ግን ያዘነው ለጆንያው ነው። ካሴም ከጥናቱ የሚያገኘውም የሚያጣውም የለም። ቀጥሎ ወረቀቶቹ። እስቲ፣ እናቶች፣ እጃችሁን።»

ሴቶቹ እጃቸውን ዘረጉ። ጣታቸው ሁሉ ልሙጥ ነው።

«የእነዚህ ሰዎች አሻራ ወረቀት ላይ አይወጣም። እዚህ ግን አርባ ሁለቱም ጥርት ብሎ ወጥቷል፤ አርባ ሁለቱንም አንድ ዓይነት የስለት ጠባሳ ያቋርጠዋል። የአንድ ሰው ጣት ነው። ስለ ሴቶቹ ይህን ሁሉ የጻፈው ሰው እጃቸውን አንድ ቀን እንኳ አላየም።»

ደምሌና ካሴ ሳይጠየቁ አውራ ጣታቸውን አሳዩ። ጠባሳ የለም።

«ዓለምጸሐይ፣ ግራ እጅሽን።»

እጇን ከኪሷ አወጣች። ጠባሳው አውራ ጣቷን ለሁለት ከፍሎታል፤ ጥፍሯ ስር ቀለም አለ።

«እውነተኞቹን ወረቀቶች አልሰጥም አለችኝ። ስንጓተት ሚዛኑ ላይ ወደቀች... ጆንያውን የናድኩባት በኋላ ነው... መግደል አልፈለግሁም!» አለች። «ያ ሪፖርት ቢሄድ ገዢዎቹ ውሉን ያፈርሱ ነበር። ይህ ሁሉ ሴት ምን ሊበላ ነው? ለእናንተው ብዬ ነው!»

«ጠይቀሽናል?» አለች ተሾመች ቀስ ብላ። «ልጄ ጠይቃን ነበር።»

ዓለምጸሐይ እውነተኞቹን አቃጥላቸዋለች። ደምሌ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ምንተስኖት ጠራው፦ «አንተም ተቀመጥ። አርባ ሁለት ምስክር አለብህ።»

ሴቶቹ እንደገና ለመናገር ተሰለፉ። መጀመሪያ ተሾመች ተናግራ ጣቷን ጫነች። ቃል የሚመዘግበው ፖሊስ ጥቁሩን ክብ አይቶ፣ «አልወጣም፣ ይድገሙት» አላት።

ምንተስኖት ወረቀቱን ከእጁ ወሰደ።

«ወጥቷል» አለ።